የቲቸር ኦላና ቀይ እስክሪብቶ

የምሥራች አምስት ወር ሙሉ ዋሸች። ውሸት የማታውቅ ሴት ናት እኮ! ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ በምትውልበት ሥራዋ እንኳ አርፍዳ ስትገባ «አውቶቡሱ ዘገየብኝ» ማለት አቅቷት «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው» የምትል፣ አለቃዋ የሚስቅባት ዓይነት ሰው። እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በየቅዳሜው ማታ ስልክ አንስታ ለአንድ ልጇ «አባትሽ ደህና ነው፤ ኦቨርታይም ገብቷል» ስትል የከረመችው። አባትየው ግን ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አፈር ለብሷል።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ባሏ ኦላና ወለጋ ውስጥ፣ ጊምቢ ከተማ፣ አሥራ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ነው። እሷ የዚያው ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ጠመኔ ሊወስድ እየመጣ፣ ጠመኔው ሳያልቅ እየተመለሰ፣ በዚያው ተጋቡ። አማርኛዋን አጥርታ ታነባለች፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ትለይ ይሆናል እንጂ ንባቡ ላይ የለችበትም። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ጊፍቲን ይዘው ሚኒያፖሊስ ገቡ። ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ ስምንተኛው ላይ ቤት ተሰጣቸው።

«ቲቸር» የሚለው ስም እዚህም ተከትሎት መጣ፤ ሐበሻው ሁሉ ቲቸር ኦላና ነው የሚለው። ማስተማሩ ግን አልተከተለውም። ሁለት ጊዜ አመለከተ። መጀመሪያ ወረቀትህ እዚህ አይሠራም ተባለ፤ በሁለተኛው አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ ስለ አክሰንቱ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ አላመለከተም። በአቅራቢያው ወዳለችው ፍሪድሊ ከተማ ሄዶ የልብ መሣሪያ የሚሠራበት ፋብሪካ ገባና ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ እያየ ፀጉር የምታህል ሽቦ ሲያገጣጥም መዋል ሆነ ሥራው።

ቀይ እስክሪብቶውን ግን ከደረት ኪሱ አላወጣም። በፖስታ የሚመጣ የማስታወቂያ ወረቀት ሳይቀር ያርማል። የጊፍቲንማ የቤት ሥራ አትጠይቁኝ! ልጅቱ ከትምህርት ቤት መቶ ይዛ ትመጣለች፤ እሱ እንደገና ያርመውና ስምንት ከአሥር ይሰጣታል። «አሥር ለእግዜር ነው፤ ዘጠኝ ለመጽሐፉ ደራሲ፤ ተማሪ ስምንት ይበቃዋል» ይላል። የምሥራች በዚህ ነገር ስንቴ ተጣልታዋለች።

«ምን አለበት አንድ ቀን ብትሞላላት? ከኪስህ አይወጣ!»

«ከሞላሁላትማ ነገ ምን ልትሠራ ትነሣለች?» ይላታል።

ጊፍቲ በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት ዩኒቨርሲቲዋን ጨረሰችና አንድ ቀን ራት ላይ ቦምቡን ጣለችው። ጃፓን ሄጄ፣ በትምህርት ቤት ረዳት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ልሆን ነው፣ ለአንድ ዓመት ተቀብለውኛል አለች። የምሥራች «እስከ ዛሬ የተሰደድነው አነሰና?» ብላ ጮኸች። ኦላና ግን መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ እንደገና አጠለቀው። «ከዚህ ቤት አስተማሪ ወጣ» አለ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዋናዋ አስተማሪ ጃፓናዊት ናት፤ ጊፍቲ አጠገቧ ትቆማለች። አንብቢ ስትባል ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፤ ሠላሳ ስምንት ልጆች ተከትለው ይሉታል። ትደግማለች፤ ይደግማሉ። አንድ ወር እንደሠራች በስልክ «አባዬ፣ ቴፕ ሪከርደር ሆንኩልህ» ብላ አለቀሰች።

«ቴፕ ዓይን የለውም» አላት። «አንቺ ስታነቢ ማን ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ እይ። እይና ሪፖርት ጻፊልኝ። በየሳምንቱ።»

ጻፈች። እሱ አረመ። በቃ፣ ሰውዬው ከሞት የተነሣ መሰለ! አንድ እሑድ ቁጭ ብሎ የትምህርት ቤቷን አድራሻ በሃምሳ ሁለት ፖስታ ላይ በእጁ ጻፈና በረድፍ ደረደረው፤ ለያንዳንዱ ሳምንት አንድ። የጃፓኑ ወረቀት የሚመጣ ቀን ከፍሪድሊ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ነው የሚያነበው። ለየምሥራች በአማርኛ ያወራላታል። ልጆቹ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፤ ክፍላቸውን ራሳቸው ይጠርጋሉ። «እኛስ ጊምቢ ምን ስናስደርግ ነበር!» ይልና ይስቃል። አያኮ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ከመጽሐፏ ጀርባ ተደብቃ ድምፅ የማታወጣ። «አትጥሪያት። ሄደሽ አጠገቧ ቁሚና አንቺ አንብቢ» ብሎ በቀይ ጻፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አያኮ አነበበች የሚል ወረቀት ሲመጣ ኦላና ኩሽናው ውስጥ እስክስታ ወረደ። እስክስታው ካበቃ በኋላ ወረቀቱን ስምንት ከአሥር አለው።

ከዚያ ያ የተረገመ ፌብሩዋሪ መጣ። የዚያ ሰሞን ብርድ እንዴት ያለ እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። አንድ ዓርብ ጠዋት መኪናው አልነሣ አለው፤ ባትሪውን ጃምፕ ላድርግ ብሎ ታች ወርዶ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «ትንሽ ልረፍ፤ እንደማረፍድ ደውዪላቸው» አለና ካፖርቱን ሶፋው ጫፍ ላይ ጥሎ ጋደም አለ። እሷ ደውላ ስትመለስ የለም። አሥር ዓመት ለሰው ልብ ሽቦ ሲያገጣጥም የኖረ ሰው፣ የገዛ ልቡ አንድ ቃል ሳይነግረው ቆመ። አይ ይህች ዓለም!

ቤቱ በሰው ሞላ። ከቀብር መልስ ነገሩን ያነሡት ጋሽ ኤዶሳ ናቸው፤ የሐበሻው ማኅበር ሊቀ መንበር፣ እዚህ ከተማ መርዶ መንገር ሲመጣ ሁሌ የሚጠሩት ሰውዬ።

«ልጅቱ እንዴት ትሁን?» አሉ።

«ይደወልላት እንጂ» አለች ለተኪሮስ። ለተኪሮስ ኤርትራዊት ናት፣ በዚያው ፎቅ በር ለበር ጎረቤት፣ የየምሥራች የልብ ወዳጅ። «እዚህ ያደገች ልጅ ናት። የነዚህ የፈረንጆች ልጆች በስልክ ይነገራቸዋል፣ በፕሌን ይመጣሉ።»

«በስልክ? ብቻዋን? ሰው በሌለበት መርዶ አይነገርም፣ ለተኪሮስ። ማን ይይዛታል? ውሃ እንኳ ማን ያቀብላታል?» አሉ ጋሽ ኤዶሳ።

ሁሉም ወደ የምሥራች ዞሩ። እሷ ያን ጊዜ ያሰበችው ስለ ሱዳን ነው። ገዳሪፍ ካምፕ ሳሉ የአባቷ ሞት በደብዳቤ ነው የደረሳት። ኦላና ሥራ ፍለጋ ወጥቶ፣ ጊፍቲ ተኝታ፣ ድንኳን ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ወጥታ የሰው ፊት ብታይ አባቷን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ለማን ብላ ትጩህ? ጨርቅ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ከሁሉም ከሁሉም የማትረሳው እሱን ነው፤ ልጄ እንዲህ ያለ ቀን አታይም ብላ የማለችው ያን ዕለት ነው።

«አይነገራት» አለች። «ውሏን ትጨርስ። ጁላይ ትመጣለች። ሁላችሁም ባላችሁበት፣ እቅፌ ውስጥ ሆና ትስማው።»

እንዲህ ሆኖ ነው ውሸቱ የተጀመረው። ማታ ስልኩ ሲጮህ የምሥራች መጀመሪያ ጥቁር ሻሿን ታወልቃለች፣ ልጅቱ በስልክ የምታያት ይመስል። ከዚያ ጉሮሮዋን ትጠርግና «ወዬ የኔ ጌታ!» ትላለች። አንድ ቅዳሜ አባትሽ ኦቨርታይም ነው። ሌላ ቅዳሜ ተኝቷል። ሌላ ቅዳሜ ለቅሶ ቤት ሄዷል። ይቺን ስትል ድምፅዋ ሊከዳት ምንም አልቀረው። ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ለተኪሮስ መጥታ እስክታነሣት በዚያው ትቆያለች።

ሪፖርቱ ግን መምጣቱን አላቆመም። በየሳምንቱ የጃፓን ቴምብር ያለበት ፖስታ ይመጣል፤ የምሥራች ኦላና ወንበር ላይ ትቆልለዋለች። ሰባት ደረሰ። «እጁን ትንሽ አሞታል፤ ሲሻለው ያርምልሻል» አለች። ኤፕሪል ሲገባ ጊፍቲ በስልክ፣

«እማዬ፣ አባዬ ተቀይሞኝ ነው?» አለች። «ያጠፋሁት ነገር ካለ ይንገረኝ። ፕሊስ።»

የሞተ አባት ልጁን ጠላ ሊባል ነው? «ኧረ በስመአብ! አርሞልሻል እኮ፤ ሰኞ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ» ብላ አረፈችው የምሥራች።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት ለተኪሮስን ጠራች። ካፖርቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ ቀይ እስክሪብቶውን የሞተ ዕለት ከለበሰው ሸሚዝ ኪስ አወጣችው። ሁለቱ ሴቶች ኦላና ቀደም ብሎ ያረመውን አንድ የቆየ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው እያዩ ቁጭ አሉ። ራይቱ ትንሽ ናት፣ ጅራቷ ወደ ላይ የሳበች። የምሥራች መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ ተለማመደች። እጇ እሺ ሲላት የልጇን ወረቀት አቀረበችና ከላይ ራይት አደረገች። ቀጥላ ራይት። ከዚያ ቀና አለች።

«ኤክሱንስ የት ላድርገው?»

«እኔ ምኑን አውቄው» አለች ለተኪሮስ። ሁለቱም ስህተቱን ከየት ያምጡት? ልክ የሆነውን ኤክስ ብታደርግባትስ? ልጅቱ ቅር አይላትም? ስለዚህ እስከ ታች ድረስ ራይት፣ ራይት፣ ራይት ሆነ። የቀረው ቁጥሩ ነው።

«ስምንት በያት» አለች ለተኪሮስ። «እሱ ስምንት አይደል የሚላት?»

የምሥራች እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየች። ያቺ የሰው አገር ላይ ብቻዋን የቆመች፣ አባቷን ቀብረንባት ሳታውቅ ሪፖርት የምትጽፍ ልጅ፣ ስምንት? የስንት ዓመት ጠብ በሆዷ ተነሣ። «አይ፣ አንድ ቀን ይሙላላት» አለችና በቀይ፣ በጉልህ፣ አሥር ከአሥር ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ኦላና በእጁ አድራሻ ከጻፈባቸው ፖስታዎች በአንዱ ከተተች። የፖስታው ጽሕፈት የራሱ ነው፤ ማን ይጠረጥራል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጊፍቲ ደወለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«እማዬ፣ ወረቀቱ ደረሰኝ።»

«አየሽ! አላልኩሽም? ስንት ሰጠሽ ታዲያ?»

«አሥር።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት የምሥራች «ሃሎ? ሃሎ?» አለች።

«አለሁ እማዬ። ራት በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ? ቤት ውስጥ ማን አለ? ለተኪሮስ እዚያ ትደር፣ እሺ? ብቻሽን አትደሪ።» ቀጥላም፣ «አባዬን ቴንክ ዩ በይልኝ» አለች።

የምሥራች ስልኩን ዘግታ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ተመስገን፣ አመነችኝ! ከዚያ ቀን በኋላ ጊፍቲ «አባዬን አገናኚኝ» ብላ አታውቅም። ትደውላለች፣ ሰላም በይው ትላለች፣ ከዚያ ስለ እናቷ ምግብ፣ ስለ እናቷ እንቅልፍ፣ ስለ እናቷ ጉልበት ትጠይቃለች። ሪፖርቱም ይመጣል፤ ጽሕፈቱ ከበፊቱ ጎላ፣ መስመሩ ከበፊቱ አነሰ። የምሥራች ራይት እያደረገች አሥር ከአሥር ስትሰጥ ከረመች፤ ቀስ በቀስ እንዲያውም ደስ እያላት መጣ፣ ይቅር ይበላት።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ጊፍቲ ገባች። የምሥራች ጥቁሯን አውልቃ የለተኪሮስን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነው ኤርፖርት የሄደችው፤ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ አይረጋም። ያጠናችውን ውሸት በልቧ እየደገመች ቆማለች፤ ሥራ ላይ ነው፣ ጠዋት ይገባል፣ ሥራ ላይ ነው። ጊፍቲ ከስታለች። እናቷን አቅፋ ብዙ ጊዜ ቆየችና፣ የምሥራች አፏን ሳትከፍት፣

«አባዬ ሥራ ላይ ነው አይደል?» አለች።

«አዎ! አዎ፣ ጠዋት ይገባል።»

«ኦኬ» አለች ጊፍቲ፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ቤት ገብተው የቀረበላትን ሁሉ በላች። ወደ መኝታዋ ስትሄድ በር አጠገብ በተሰቀለው ካፖርት በኩል አለፈች። በጁላይ ሙቀት የክረምት ካፖርት! የምሥራች ማንሣት ረስታለች። ጊፍቲ እጇን ሰደድ አድርጋ እጅጌውን ነካች፣ ያዝ አድርጋውም ቆየች፤ ከዚያ «ደህና እደሪ እማዬ» ብላ ገባች። የምሥራች የመንገድ ድካም ነው ብላ ተወችው።

መርዶ በማለዳ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ኤዶሳ ስምንት ሰው አስከትለው መጡ። ከሊፍቱ ጀምሮ በእግራቸው ጣት ነው የሄዱት፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለተኪሮስ ውሃ በጆግ ይዛለች። የምሥራች ጥቁሯን መልሳ ለብሳ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተችላቸው። ወደ ልጅቱ መኝታ ሊያመሩ ሳሎኑን ሲያዩ ሁሉም ባሉበት ቆሙ።

ጊፍቲ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ፀጉሯን በጥቁር ጨርቅ አስራለች። ቀሚሱ አዲስ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ ጥቁርነቱ ለቋል።

«ግቡ ጋሽ ኤዶሳ» አለች። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ።»

ጋሽ ኤዶሳ፣ ለስንቱ መርዶ የነገሩት ሰውዬ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ጊፍቲ ከአጠገቧ ካለው ቦርሳ አንድ እሽግ ወረቀት አወጣችና እናቷ እግር ሥር ዘረጋችው። አሥራ አንድ ወረቀት፣ ሁሉም ቀይ በቀይ፣ ሁሉም አሥር ከአሥር።

«መቼ አወቅሽ?» አለች የምሥራች።

«የመጀመሪያው የደረሰኝ ቀን። አባዬ አሥር ሰጥቶኝ አያውቅም፣ እማዬ። ቢያመው፣ ቢደክመው፣ ቢናደድብኝ፣ አሥር አይሰጥም። በሕይወት ካለ አይሰጥም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«በስልክ ስትዋሺ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንዳላውቅ እንደዚያ ከለፋሽ፣ አላውቅም ልበላት አልኩ። ማወቄን ካወቅሽማ እዚህ ብቻሽን በኔም ልታለቅሺ ነው።»

«ማን ነበረ አጠገብሽ? የኔ ልጅ፣ ሰው ነበረ?»

ጊፍቲ ራሷን ነቀነቀች። «ማንም። ጠዋት ትምህርት ቤት ነው የደረሰኝ፤ ከፍቼ ሳየው ደወል ተደወለ። ክፍል ገባሁ። አዲስ የገቡ ልጆች ናቸው። የዕለቱ ንባብ አባቴ አስተማሪ ነው የሚል ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ተከትለው አሉት። አለቀሰች እንዳይሉኝ መስኮት መስኮቱን እያየሁ ነው ያነበብኩት።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። የምሥራች አላለቀሰችም። ወረቀቶቹን ነው የምታየው። ልጄ ብቻዋን አታልቅስ ብላ አምስት ወር ምላሷን የነከሰች እናት፣ መርዶውን በገዛ እጇ በቀይ ጽፋ፣ ቴምብር ለጥፋ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ወስዳ ልካላት ኖሯል። ገዳሪፍ ያለው ድንኳን ጃፓን ድረስ ልጇን ተከትሎ ሄደ።

ጊፍቲ የመጀመሪያውን ወረቀት አነሣችና ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፣ እንዲሁ ለስለስ አድርጋ ነው።

«ስምንት ብትሰጪኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ጠዋት አባት ይኖረኝ ነበር» አለች።

የምሥራች ያን ጊዜ ጮኸች። ጋሽ ኤዶሳ ሊይዟት ተነሡ፤ ጊፍቲ ግን ቀድማ ደርሳ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘቻት። ጆጉን ከለተኪሮስ እጅ ተቀብላ፣ ውሃውን ቀድታ፣ እናቷን ያጠጣቻት እሷ ናት።